የወይን ቅጠሉ ጠርዝ

የግድግዳው ጌጥ አልቋል፤ ሠሪዋ ግን ጠረጴዛው ሥር ሞታ ተገኘች። ጭንቅላቷን የመታት የራሷ ካውያ አጠገቧ ወድቋል።

ጌጡ በወይን ቅጠል ቅርጽ የተቆረጠ፣ በሁለት ጨርቅ መሐል ጥጥ ተደርጎ የተሰፋ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ነው። ዙሪያውን በነጭ ጨርቅ ተቀምቅሟል። አስከሬኑ ከተነሣ በኋላም መርማሪው ዓይኑን ከጠርዙ አልነቀለም።

«ስድስት ሰዓት ላይ ስወጣ ግማሹ ጠርዝ ይቀራት ነበር» አለች፣ ከሟች ጋር ሁለት ዓመት የሠራችው ተማሪ። «አሥራ አንድ ሰዓት ስመለስ ወድቃ አገኘኋት።»

«ግማሹ ስንት ሰዓት ይፈጅባታል?»

«ጣቶቿ ያብጣሉ። አራት ሰዓት።»

«እንግዲያው እስከ አሥር ሰዓት በሕይወት ነበረች። አንቺ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። ብቻዬን።»

«ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» አለ የሟች ባል። አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል፤ ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል እንደነበረ ነርሶቹ መስክረዋል። «ያጎረስናት እጃችንን ነከሰችን። ውሰዷት!»

ወሰዷት።

የሟች ታናሽ እህት መጋረጃ ሰፊ ናት። መርማሪው ሱቋ ሲገባ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና አላለችም።

«ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ነበርኩ። ሁለት ሙሽሮች መጋረጃ እንምረጥ ብለው ራሴን ሲያዞሩኝ ዋሉ፤ ጠይቋቸው።»

«ከስምንት በፊትስ?»

«ምሳ። ምሳ መብላትም ወንጀል ሆነ?»

«ከእህትዎ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

መኪናው ቆመ። «የእናታችንን የሠርግ ቀሚስ ለዚያ ቅጠል ልትቆርጠው ነው ሲሉ ሰማሁ። ታደርገዋለች ብዬ አላመንኩም። ቀሚሱንም ከዓመት ወዲህ አላየሁትም።»

በማግሥቱ መርማሪው ሁሉንም በሟች የሥራ ክፍል ውስጥ ሰበሰበ። ተማሪዋ በካቴና መጣች።

«ቅጠል ዙሪያው ጥምዝ ነው» አለ። «ጥምዝ ጠርዝ የሚቀመቀመው በሰያፍ በተቆረጠ ጨርቅ ነው፤ ይለጠጣል፣ ከጥምዙ ጋር ይዞራል። ቀኙን እዩ፤ እንደ ረጋ ውኃ ተኝቷል። ግራው ግን እንደ ኮሮጆ አፍ ተጨማዷል። ጨርቁ በቀጥታ የተቆረጠ ነው። ቀኙን የሰፋችው እጅ ግራውን አልሰፋችም።»

«ልጅቷ ናታ! ጀማሪ አይደለች?» አለ ባልየው።

መርማሪው ለተማሪዋ ቁራጭ ጨርቅና መቀስ ሰጣት። «ለዚህ ቅጠል ቅምቅማት ቁረጪልኝ።»

ካቴናው እየተንቀጫቀጨ፣ ምንም ሳታስብ ጨርቁን በሰያፍ አጥፋ ቆረጠች።

«ሟች አራት ሰዓት የሚፈጅባትን፣ እጁ የፈጠነ ሰፊ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። ስድስት ተኩል ላይ የገደለ ሰው ሰፍቶ ጨርሶ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሱቁ ይታያል። ጥፋቱም ብቻዋን በነበረችው ልጅ ላይ ይወድቃል።»

እህትየዋ ሳቀች። «ሰያፍ መቁረጥ የማላውቅ መሰለዎት?»

«ያውቃሉ። ለምን እንዳልቆረጡ ልንገርዎት?» ነጭ የሠርግ ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ጀርባው ከትከሻ እስከ ወገብ በሰያፍ ተሰንጥቋል። «ይህን የቆረጠችው ሟች ናት። ቀሪውም ጠርዝ ከዚሁ ጨርቅ ካልሆነ ያስታውቃል። በሰያፍ ቢደገም ግን ቀሚሱ አይተርፍም። ስለዚህ ከታች፣ ከዘርፉ ብቻ፣ ቀጥ ተደርጎ ተወሰደ። የቀረው ተጣጥፎ እዚሁ ወንበር ላይ ተገኘ። አስከሬን ወለል ላይ ጥሎ ቀሚስ የሚያጥፍ ማን ነው? ቀሚሱ የእናቱ የሆነ ሰው ነው። አንጀትዎ ለቀሚሱ አልጨከነም።»

እህትየዋ እጇን ቀሚሱ ላይ አሳረፈች።

«ስደርስ ጀርባውን ሰንጥቃዋለች» አለች። «ምን አደረግሽ ስላት ‹ጨርቅ ነው› አለችኝ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።»

ካቴናው ከአንዷ እጅ ወደ ሌላዋ ተዛወረ። እህትየዋን ይዘዋት ሲወጡ ባልየው ተማሪዋን አያት።

«አትቀየሚኝ፣ ልጄ። ሐዘን አሳወረኝ። ግራውን ፈትተሽ ድገሚልኝና ይሰቀል፤ ማስታወሻዋ ነው።»

ልጅቷ የእጅ አንጓዋን እያሸች የመርፌ ማኅደሯን ከጠረጴዛው አነሣች። መቀሱን ወደ እሱ ገፋችለት።

«ሰያፍ የሚወጣው ከቀሚሱ ነው፣ ጋሼ። አንጀትዎ ከቻለ እርስዎ ይቁረጡት።»

ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።