የረቡዕ ልኬት

«መቶ ሃምሳ አንድ?»

መርማሪ በእንጨቱ መድረክ ጠርዝ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ አንገቷን ወደ ውሃው አስግጋ ነበር። ከሐይቁ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመው የመለኪያ ሰሌዳ በየሴንቲ ሜትሩ በጥቁርና በነጭ ቀለም ተሰምሮበታል። መነጽሯን አወለቀች፤ በሹራቧ ጫፍ ወለወለችና እንደገና አየች። ያው ነው።

ማክሰኞ መቶ አርባ ሁለት ነበር። እሷ እዚህ ከመጣች ወዲህ ደግሞ አንዲት ጠብታ ዝናብ አልጣለም። ሐይቁ በእግር ሁለት ሰዓት የሚዞሩት ትንሽ ሐይቅ ቢሆንም፣ ይሄን ሁሉ ስፍራ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደረገው ውሃ ከየት መጣ? እንዲህ ያለ ጥያቄ አንዴ ጭንቅላቷ ውስጥ ከገባ እንቅልፍ አይሰጣትም። መርማሪ የሚለውን ስም ያወጡላት አጎቷ ናቸው፤ በአራት ዓመቷ የግድግዳ ሰዓታቸውን ፈታትታ፣ ጥርሳም ጥርሳሙን መዘውር ሁሉ በተራ ደርድራ ያገኟት ቀን።

ዘጠኙ ሴንቲ ሜትር የጨመረው በአንድ ቀን ነው ወይስ በሁለት? ይሄን ለማወቅ የትናንቱን ቁጥር ማየት ብቻ በቂ ነው። ደብተሩን ገለጠች። «ረቡዕ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ 142» ይላል፤ በራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ አምሮበት። ያኔ ነው ክው ያለችው። ምክንያቱም ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እሷ እዚህ አልነበረችም።

አጎቷ የውሃ መሥሪያ ቤቱ የሐይቅ ለኪ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወደዚህ መድረክ ወርደው ቁጥሩን ጽፈዋል። በታመሙ ጊዜ እንኳ ብርድ ልብስ ተከናንበው ወርደዋል ይባላል። ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ስለ ልኬቱ ሲጠየቁ «እኔ ያገባሁት ሰውየውን ነው፣ ሰሌዳውን አይደለም» እያሉ ይስቃሉ። በዚህ ሳምንት ግን የአጎቷ ጥርስ አላስቀምጥ፣ አላስተኛ አለና ሰኞ ወደ ከተማ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ደብተሩን ለመርማሪ በሁለት እጃቸው ሰጧት።

«እነዚህ ደብተሮች ውስጥ ባዶ መስመር የለም። ሦስት ቀን ነው፤ አደራ!» አሏት።

«ጋሼ ደግሞ! ቁጥር ማንበብ ያቅተኛል?»

አላቃታትም። ማክሰኞ ከሰዓቱ ቀድማ ወርዳ ጠበቀች። ረቡዕ ግን ገና ሳይነጋ የንብ አናቢው ልጅ መስኮቷን አንኳኳች። ባለፈው ሳምንት የተዋወቀቻት፣ ሳቋ ከመንደር ማዶ የሚሰማ ልጅ ናት።

«ተነሺ! ከኮረብታው ላይ ሐይቁ ሙሉ ለሙሉ ይታያል። ካረፈድን ጉሙ ይሸፍነዋል» አለቻት።

እንዴት አይኬድ? ወንዙን በእግር ተሻገሩ፤ መረማመጃ ድንጋዮቹ በውሃ ተሸፍነው ስለነበር ጫማቸውን በእጃቸው ያዙ። ሸምበቆው ውስጥ የወፍ ጎጆ ቆጠሩ። ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ሐይቁ ከእግራቸው ሥር ተዘርግቶ፣ ጀልባዎቹ የጥፍር ያህል አንሰው ታዩ። መርማሪ ውሃው መሃል ላይ ለምን እንደሚጠቁር፣ ዳር ዳሩ ለምን እንደሚደፈርስ ስትጠይቅ ዋለች። ልኬቱ ትዝ ያላት እኩለ ቀን ላይ ነው። አመሻሽ ላይ እግሯ ተልጦ፣ እያነከሰች ቤት ስትደርስ ወደ ሐይቁ ተመልሶ መውረዱን አልቻለችውም። ሰኞ 142፣ ማክሰኞ 142። ረቡዕስ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ጻፈችው።

አጎቷ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ግራ ጉንጫቸው አብጦ ድንች የጎረሱ ይመስላሉ፤ የሚናገሩትም በቀኝ በኩል ብቻ ነው። ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ «ደብተሩ?» አሉ።

መርማሪ ሰጠቻቸው። ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱና ድንገት ቆሙ።

«የዛሬውን በደንብ አይተሽዋል?»

«ሦስት ጊዜ ነው ያየሁት ጋሼ።»

«ትናንት መቶ አርባ ሁለት፣ ዛሬ መቶ ሃምሳ አንድ!» ጥርሳቸውን ረስተው ጮኹ፤ ወዲያው ጉንጫቸውን ያዙ። «ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

መርማሪ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«ቁጭ በይ ላስረዳሽ። የመሥሪያ ቤታችን ኢንጂነር ይሄ ሐይቅ የሚጠጣው ከወንዙ ብቻ ነው ይላል። ወንዙ ደግሞ የፈለገ ቢሞላ በቀን ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ አይጨምርም። እኔ ከሥርም ውሃ ይገባል፣ ምንጭ አለ እላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ተከራክረናል። ‹ስሜትዎን ሳይሆን ቁጥር ያምጡልኝ› ነው የሚለኝ ሁልጊዜ። ይኸው ቁጥር! ዘጠኝ በአንድ ቀን! ይሄ የወንዝ ሥራ አይደለም።»

ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። አልተነሳም። ጥቂት ቆይቶ መልእክት ገባ፤ ኢንጂነሩ ስብሰባ ላይ ነው፣ ሲወጣ ይደውላል። አጎቷ «ቁጥር አለኝ» ብለው መለሱለትና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ክፍሉን መዞር ጀመሩ። ሚስታቸው ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ጥርስህን ነቀሉልህ ወይስ ክንፍ አበቀሉልህ?»

አጎቷ ሳቁ። መርማሪ እንደዚህ ሲስቁ አይታቸው አታውቅም። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻለችም፤ ወደ ጓሮ ወጣች።

የንብ አናቢው ልጅ አጥሩ ላይ ተደግፋ ትጠብቃት ነበር። መርማሪ ሁሉንም ነገረቻት።

«አቦ አታካብጂ! ማን ያውቃል? ሐይቁ እንደሆነ አይናገር» አለች ልጅቷ። «ደግሞ ደስ ብሏቸዋል። ምን ብለሽ ታበላሺባቸዋለሽ?»

«እሱ እኮ ነው የሚያስፈራኝ።»

«እንግዲያው ዝም በይ።»

የመርማሪ ጭንቅላት ግን ዝም አላለም። በአንድ ቀን ከሆነ ከሥር ምንጭ አለ። በሁለት ቀን ከሆነ አራት ተኩልና አራት ተኩል ነው፤ ወንዙ ብቻውን ይበቃዋል። መልሱ የነበረው ረቡዕ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ነው፤ ያንን ደግሞ ያየ ሰው የለም።

«ስሚ» አለች ድንገት፣ «ትናንት ወንዙን ስንሻገር ድንጋዮቹ ተሸፍነው አልነበር? ሁልጊዜ እንደዚያ ናቸው?»

«ኧረ አይደሉም! በደረቅ ጫማ ነው የምንሻገረው። ላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ይሆናል።»

መርማሪ አፏን በእጇ ያዘች። ወንዙ ረቡዕ ጠዋት ሞልቶ ነበር! ይሄን የሚያውቁት እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ለአጎቷ እንዳትነግራቸው ደግሞ፣ ‹ረቡዕ ጠዋት ወንዙ ጋ ምን ትሠሪ ነበር?› ይሏታል። ዝም ብትል ኢንጂነሮች መጥተው በእሷ ቁጥር የሌለ ምንጭ ሲፈልጉ ይከርማሉ። ወይም ምንጩ በእርግጥ ይኖር ይሆናል፤ ያም ሆነ ይህ እሷ የትኛው እውነት እንደሆነ መቼም ሳታውቅ ትቀራለች። አፈረች፤ ፈራችም። ከሁሉ በላይ ግን ያ የአጎቷ ሳቅ አንጀቷን በላው።

«ወዴት ነው?» አለች ልጅቷ፣ መርማሪ ፊቷን ስታዞር።

«ቤት። ስልኩ ሳይደወል።»

አጎቷ የድሮ ደብተሮቻቸውን ከመደርደሪያው አውርደው ጠረጴዛው ላይ ከምረዋል። ለኢንጂነሩ የሚነግሩትን ወረቀት ላይ እያሰፈሩ ነበር።

«ጋሼ፣» አለች ቆማ፣ «የረቡዕን አልለካሁትም።»

ቀና አሉ። «ምን አልሽ?»

«ረቡዕ ጠዋት እዚህ አልነበርኩም። ኮረብታው ላይ ነበርኩ። ማታ ስመለስ የማክሰኞውን ደግሜ ጻፍኩት።» ካቆመች ደግማ እንደማትጀምር ስለገባት አላቆመችም። «ወንዙ ደግሞ ረቡዕ ሞልቶ ነበር። መረማመጃዎቹን ሸፍኗቸዋል፤ ጫማችንን አውልቀን ነው የተሻገርነው። እና ምናልባት ውሃው የጨመረው በሁለት ቀን ነው። ምናልባት። አላውቅም።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። አጎቷ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ሲጠቁር መርማሪ ታየው ነበር።

«ሃያ ሁለት ዓመት» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ቀን አላጎደልኩም። አንድ ቀን!»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«አታውቂም! ባዶ ብትተዪው ምን ነበረበት? በባዶ መስመር እቆጣ ይሆናል። ግን ባዶ መሆኑን አውቃለሁ። አንቺ ግን ሐሰቱን ከእውነቱ አቀላቅለሽ ሰጠሽኝ። ይሄን ለሰው ልናገር ነበር እኮ!»

መርማሪ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አጎቷ ብዕራቸውን ገፋ አደረጉላት፤ ደብተሩንም ወደ እሷ አዞሩት።

142 ላይ አንድ መስመር ሰረዘችበት። ከጎኑ «አልተለካም» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ ስሟን አሰፈረች። አጎቷ ያንን መስመር ትክ ብለው አዩት፤ እስኪደርቅ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

«መረማመጃዎቹን ሸፍኗል ነው ያልሽው?» አሉ ሳያዩዋት። «ምን ያህል?»

«እዚህ ድረስ» ብላ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ በጣቷ አሳየች።

«ድፍርስ ነበር ጥርት ያለ?»

«ድፍርስ።»

ወረቀታቸውን ሳቡና ጻፉት። ከዚያ በላይ የነበረውን ዘጠኝ ቁጥር ግን ሰረዙት፤ የነበራቸው ደስታ ሁሉ አብሮ የተሰረዘ ያህል ቀስ ብለው።

ስልኩ ጮኸ። ኢንጂነሩ ነው። አጎቷ አዩት፤ እጃቸውን ግን አላነሱም።

«ቁጥር አለኝ ብዬ መልእክት ልኬለታለሁ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «አሁን ምን እለዋለሁ? እንደገና ይስቅብኛል።»

ስልኩ ደግሞ ጮኸ። መርማሪ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። እጇን ዘርግታ ስልኩን አነሳችው።

«ሃሎ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የእህታቸው ልጅ ነኝ። ስለ ረቡዕ ልኬት ነበር» አለች። «አልተለካም። የውሸት ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሊስቁ ከሆነ በእኔ ይሳቁ።»