የአዋላጇ ሞተር

አባቷ የሞተር ሳይክሉን መቆሚያ በእግሩ አጠፈና ወደ ኋላ ዞረ። ልጁ ሽቦ ደብተሯን ዘግታ ከተቀመጠችበት የጎማ ክምር ላይ ልትነሳ ስትል፣ የጠራው ግን እሷን አልነበረም።

«ነይ ጭጭ፣ ከኋላ ውጪ» አለ።

ጭጭም ሁለት ጊዜ ሳታስጠራ ሄልሜቱን አጥልቃ ወጣች። ሄልሜቱ እንኳ የሽቦ ነበር። ሞተሩ ከጋራዡ በር ወጥቶ ወደ አስፋልቱ ሲታጠፍ ሽቦ ደብተሯን እንደገና ገለጠች፤ ከሒሳቡ ግን አንድም መስመር አልገባትም። አንጀቷ እርር ብሏል። ለሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ሞተር ተጠግኖ ባለቀ ቁጥር ከአባቷ ኋላ ተቀምጣ የምትሞክረው እሷ ነበረች። አሁን ጎማ ላይ ተቀምጣ የጎማ ዘበኛ ሆናለች።

ሽቦ ትክክለኛ ስሟ አይደለም። ቅጥነቷን አይቶ አባቷ ያወጣላት ነው፤ ንፋስ ሲነፍስ ታፏጫለች እያለ ይቀልድባታል። ጭጭም የቅጽል ስም ነው። የአክስቷ ልጅ ናት፤ እነሱ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ክፍል በላይ ስለሌለው ከሁለት ወር በፊት እነ ሽቦ ቤት መጥታ አብራት ዘጠነኛ ክፍል ገባች። በመጀመሪያው ሳምንት ከአፏ ዐሥር ቃል ስላልወጣ ነው ጭጭ የተባለችው። ሽቦ ያኔ ትወዳት ነበር። አልጋዋን አካፍላታለች፣ ከክፍሉ ልጆች ጋር አስተዋውቃታለች፣ የትኛው አስተማሪ የምሩን እንደሚቆጣና የትኛው ዝም ብሎ እንደሚያስፈራራ ነግራታለች። ዝም የምትል እንግዳ ማንን ትጎዳለች?

ሽቦና አባቷ አንድ ምስጢር ነበራቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሚጮህ ሞተር ላይ አጎንብሶ የሠራ ሰው ነውና፣ ጆሮው ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ መስማት ቀስ በቀስ ትቷል። ሰው ሲያናግረው ይሰማል፤ ጡሩምባም ይሰማል። የቫልቭ ቲክ ቲክታ፣ የላላ ሰንሰለት ሹክሹክታ ግን አይደርሰውም። ሞተር የማይሰማ መካኒክ ደግሞ ደንበኛ ካወቀበት አለቀለት፤ ጨው የማይቀምስ ምግብ አብሳይ ማለት ነው። ስለዚህ ሽቦ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋራዡ ውስጥ ጎማ ላይ ቁጭ ብላ የምታጠና ትመስላለች። ሞተር ሲነሳ ታዳምጣለች። እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ከሰካችው ደህና ነው፤ ከነከሰችው ችግር አለ። ስትነክሰው አባቷ «ቆይ እስኪ፣ ዘይቱን አንድ ጊዜ ልየው» ይልና ሞተሩን ያጠፋል። ደንበኛውም ስለ ጥንቃቄው ያመሰግነዋል። ይህን ከእናቷ በቀር ማንም አያውቅም፤ ጭጭም አልተነገራትም።

ሞተርን በድምፁ መለየት ያስተማራት ራሱ ነው፤ ጆሮው ደህና ሳለ ጀምሮ። ነጠላ ሲሊንደሩ ቀላል ነው፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ እያለ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ነው። ሁለት ሲሊንደሮች በማዕዘን የተከፈቱበት ያነክሳል፤ ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ይመታና ትንፋሽ ይወስዳል። አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ የተጋደሙበት ድምፁ ወፈር ያለ ነው፤ ቆሞ ነዳጅ ሲሰጡት ደግሞ እንደተኮረኮረ ሰው ወደ ጎን ውዝውዝ ይላል። ባለ ሦስቱ ያጉረመርማል ሲሉት ያፏጫል፣ ያፏጫል ሲሉት ያጉረመርማል። አራቱ በአንድ ረድፍ የተደረደሩበትን ግን መቁጠር አይቻልም፤ ምቱ ከመቀጣጠሉ የተነሳ አንድ ረጅም ክር ይሆናል። ሽቦ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላት በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ ሳታይ ትለይ ነበር። የክፍሏ ወንዶች በዚህ ሙድ ሲይዙባት ቆይተው፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተወራርደዋት ሰባት ለዜሮ ከረታቻቸው በኋላ አርፈው ተቀመጡ።

ነገሩን ያበላሸው ጉንፋን ነው። ጭጭ በመጣች በሦስተኛው ሳምንት ሽቦ ታማ ቤት ስትውል አባቷ ጭጭን ለሙከራ ይዟት ወጣ። ስትመለስ አፏ ተከፈተ። ነጠላው ከታች ገፋ ገፋ ያደርጋል አለች፤ አራቱ ደግሞ ምንም ሳይሰማህ ቆይቶ ፍጥነት ሲጨምር እግር መርገጫው ላይ ጣትህን ያሳክክሃል አለችው። በማዕዘን ስለተከፈተው ደግሞ፣ «አጎቴ፣ የኋላ ጎማው መሬቱን ሲይዝ ይታወቀኛል። ይይዝና ለቀቅ ያደርጋል፣ ይይዝና ለቀቅ ያደርጋል» ስትለው፣ አባቷ የያዘውን ቁልፍ አስቀምጦ ቁጭ አለ አሉ።

ጭጭ ይህን ያወቀችው በጆሮዋ አይደለም፤ በመቀመጫዋ፣ በጉልበቷ፣ በመዳፏ ነው። ለሽቦ አባትም የቀረው መዳፉ ነው። ሽቦ በሁለት ዓመት የነገረችው ሁሉ እሱ የማይደርስበት ነገር ነበር፤ ጭጭ የምትነግረው ግን እሱም የሚያውቀው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት ላይ ሁለቱ የሞተር ምት በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ እየመቱ ይሳሳቃሉ፤ እናቷ ብርጭቆ እንዳይደፉ ትቆጣለች። ሽቦም አብራ ትስቃለች። ማሽላ እያረረ ይስቃል ይባል የለ።

አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ጭጭ በደስታ፣ «ዛሬ ባለ ሦስቱን እንሞክራለን ብሎኛል አጎቴ። ትመጫለሽ?» አለቻት።

«ጋራዡ የአባቴ ነው» አለች ሽቦ። «ደግሞ በአንቺ ጥሪ ልመጣ ነው?»

ጭጭ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አልተናገረችም። ሽቦም ማዘን ሲገባት ደስ አላት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሰፈሩ አዋላጅ ሞተሯን ልትወስድ መጣች። በዕድሜ የገፋች፣ ቀልደኛ ሴት ናት፤ ከወንድሟ በተረፈ አሮጌ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ቤት ለቤት እየዞረች እናቶችን ታያለች። የሽቦ አባት ቫልቮቹን አስተካክሎ ሞተሩን የገጠመው ትናንት ነበር። ሲገጥም ጭጭ አጠገቡ ተንበርክካ ጥያቄ ታዥጎደጉድበታለች፤ እሱም በየመሃሉ ሥራውን አቁሞ በእጁ እያሳየ ያስረዳታል። ሽቦ ከጎማው ላይ ሆና ሁሉንም አይታለች።

አሁን ሁለቱ ሞክረውት ተመለሱ። ጭጭ ሄልሜቱን እያወለቀች፣ ውሃ ነው አለች፤ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ምንም የለውም። አባቷ ፈገግ አለና ሞተሩን በሚኒሞ ተወው፤ ነዳጅ ሳይሰጠው በቀስታ ይዞር ጀመር።

ሽቦ ሰማች። ከዚያ ረጅም ክር ሥር፣ ከሞተሩ መሃል፣ ጠጠር ያለበት ጣሳ የሚንቀጫቀጭ የሚመስል ድምፅ አለ። አባቷ ነዳጅ ሲሰጠው ይጠፋል፤ ሲለቀው ይመለሳል። ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው የውስጥ ሰንሰለት ላልቷል። እሱ የተያያዘበትን ጥርስ ከዘለለ ሞተሩ እየሮጠ ሳለ ድርቅ ብሎ ሊቆም ይችላል፤ የኋላውን ጎማ ይዞት ይቆማል። ይህን በመቀመጫ ማወቅ አይቻልም፤ አራቱ ሲሊንደሮች አንዱ የሌላውን ንዝረት ስለሚውጠው ለመዳፍ የሚተርፍ ነገር የለም። በዚያ ጋራዥ ውስጥ ይህን የምታውቀው ሽቦ ብቻ ነበረች።

አባቷ ቀና ብሎ አያት። እስክሪብቶው እጇ ላይ ነው።

ይሂድ፣ አለች በልቧ። በሁለት ቀን ውስጥ በመኪና ተጭኖ ይመለሳል። ያኔ ውሃ ነው ያለችው ማን እንደነበረች እናያለን። እስክሪብቶውን ጆሮዋ ላይ ሰካችው። አባቷም ለአዋላጇ መልካም መንገድ ተመኝቶላት ጀርባውን ሰጥቶ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

አዋላጇ ቦርሳዋን ከኋላ መቀመጫው ላይ እያሰረች ለጭጭ ታወራላታለች። ከድልድዩ ማዶ፣ ቁልቁለቱን ወርዳ መንታ ያረገዘች ሴት ጋ ነው የምትሄደው። ቀናቸው አልፏል፤ ማን ቀድሞ ይውጣ እያሉ እየተሟገቱ ሳይሆን አይቀርም አለችና ራሷ ሳቀች። ሄልሜቷን አጠለቀች። ሽቦ በሐሳቧ ያየችው ሞተሩ ተጭኖ ሲመለስ ብቻ ነበር፤ ቁልቁለቱ ላይ አዋላጇ ከላዩ እንደምትቀመጥ አላሰበችም። እስክሪብቶውን አውርዳ ነከሰችው። አባቷ ግን ፊቱን ወደ ቧንቧው አዙሯል። ቀስ ብላ ብትጠራው አይሰማም፤ ብትጮህ አዋላጇ ትሰማለች፤ የሁለት ዓመት ምስጢራቸው ያበቃል። ሞተሩ ማርሽ ገባ።

«እትዬ፣ አይሂዱ» ብላ ጮኸች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። የውስጥ ሰንሰለቱ ላልቷል፣ ይንቀጫቀጫል አለች። አዋላጇ አባቷን ደህና ነው አላልከኝም ወይ ስትል ጠየቀችው። እሱ እጁ ውሃ እያንጠባጠበ መጀመሪያ ሽቦን፣ ቀጥሎ የነከሰችውን እስክሪብቶ አየ።

«እኔ አልሰማሁትም» አለ። «ቀጭን ድምፅ አልሰማም፤ ዓመታት ሆነኝ። የምትሰማልኝ እሷ ናት።»

ጭጭ አፏን ከፍታ ቀረች። ሽቦ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። አዋላጇ ሞተሩን አጠፋችው።

«እኔም ያለ መነፅር የመድኃኒት ጽሑፍ አይታየኝም» አለች። «መነፅሬን ስረሳ ረዳቴ ናት የምታነብልኝ። ረዳቴ ግን አንድ ቀን ዋሽታኝ አታውቅም።» ይህን ስትል የምታየው አባቷን አልነበረም።

አባቷ ሞተሩን ለመክፈት ተንበረከከ። ሽቦ መብራት ያዘችለት፤ ጭጭ ቁልፍ ታቀብላለች። ሰንሰለቱን የሚወጥረው ብሎን በጣት የሚዞር ሆኖ ተገኘ። ትናንት ሲያወራ ያላጠበቀው እሱ ራሱ እንደሆነ ሳይደብቅ ተናገረ። ከዚያ ዓይኑን ከብሎኑ ሳያነሳ፣ ሰምተሽ ነበር ወይ አላት።

«አዎ።»

«እና ለምን?»

ብዙ መልስ ነበራት። ጥናቱ ሐሳቤን ወስዶት ነው ማለት ትችላለች፤ እርግጠኛ አልነበርኩም ማለትም ትችላለች። ጭጭ ባለ ዐሥር ቁልፉን ይዛ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆማለች።

«ቀናሁ» አለች ሽቦ። «በእሷ።»

አባቷ ከጭጭ ቁልፉን ተቀበለ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ብሎኑን አጥብቆ፣ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ከጨረሰ በኋላ ነው የተናገረው።

«አኩርፊኝ፣ ተቆጪኝ፣ ደስ ያለሽን አድርጊ። ግን አትዋሺኝ። ሌላ ጆሮ የለኝም።»

ሽቦ ከዚህ በኋላ ቀና ማለት አቃታት። አቀርቅራ አዋላጇን ይቅርታ ጠየቀች፤ ጭጭንም፣ ይበልጥ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ይቅርታ አለቻት። ሞተሩ ተገጥሞ ሲነሳ ክሩ ንጹሕ ነበር፤ ከሥሩ ምንም የለም። ይህን በምልክት ሳይሆን በቃሏ ተናገረች። አዋላጇም መንታዎቹ ሳይጣሉ ልድረስ ብላ ሄደች፤ ሽቦ ድምፁ ከድልድዩ ማዶ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ አዳመጠችው።

ዘወር ስትል ጭጭ አጠገቧ ቆማለች።

«እኔ እኮ አሁንም አልገባኝም» አለች ጭጭ። «ቅድምም ያው፣ አሁንም ያው ነው የሚመስለኝ። አንቺ እንዴት ነው የምትሰሚው?»

በተፈጥሮ የሚመጣ ነው፤ አይማሩትም የሚል መልስ የሽቦ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሷል። ጭጭም ታምናታለች። ይህቺ ልጅ መዳፉም ጆሮውም ከኖራት ለሽቦ ምን ይቀራል? ቅናቱ እንደሆነ ይቅርታ ስለጠየቀች አልሄደም፤ ደረቷ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ጥግ ላይ ቫልቩ የሚንኳኳ የአንድ ፖስተኛ ባለ ነጠላ ሲሊንደር ሞተር ተራውን ይጠብቃል። ወደ እሱ ሄደች።

«ነይ» አለች። «ዓይንሽን ጨፍኚ። ዱብ ዱቡን እንዳልሰማሽ ተይውና ከሥሩ ያለውን ትንሹን ፈልጊ። ካልሰማሽ አልሰማሁም በይ፤ ፋራ አልልሽም።»

ጭጭ ዓይኗን ጨፈነች። ሽቦ የማስነሻውን ፔዳል በእግሯ ረገጠችው።