የጠፋችው ቀለሃ

ይሄ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ውሸት ነው የምትሉ በሉ... እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የአጋዘን አደን ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው፣ በሰሜን ሚሺጋን፣ ከመንደራችን ጀርባ ባለው የተኩስ ሜዳ።

በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጠመንጃውን ይዞ ወደዚያ ሜዳ ይጎርፋል። የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ሊያስተካክል፣ እጁን ሊያፍታታ። ፀሐይ ነበረች። መሬቱ ደረቅ ነው። ዘንድሮ በረዶ ገና ጠብ አላለም።

ይቺን ነገር ያዙልኝ።

እኔ ግን የምሄደው ለሌላ ጉዳይ ነው። ሰው ተኩሶ የጣለውን ቀለሃ ልለቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ አደን በተከፈተ በመጀመሪያው ጠዋት፣ ጫካው በረዶ ለብሶ ሳለ፣ ወንድሜ ሬይኖ የአደን መጠለያው ውስጥ እንደተቀመጠ ተገደለ። በአንድ ጥይት። አጋዘን መስሎት የተኮሰ አዳኝ ነው ተባለ። ማን? አይታወቅም። እሺ፣ አዳኝ ሁሉ ከሩቅ እንዲለይ የሚያደርገውን ብርቱካናማ ኮፍያ ያደረገ ሰው እንዴት አድርጎ አጋዘን ይመስላል?

በረዶው ሲቀልጥ፣ ከመጠለያው ትይዩ ካለ ጥድ ስር አንዲት ቀለሃ አገኘሁ። ለአካባቢው ፖሊስ፣ ለሸሪፉ ሰዎች፣ ወሰድኩላቸው። ይሄ ጫካ በቀለሃ የተሞላ ነው ብለው መለሱልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥያታለሁ።

ጠመንጃ ሲተኮስ መርፌው የቀለሃዋን ቂጥ ይመታል። የሁሉም ጠመንጃ ምት ይለያያል። የእኔዋ ላይ ያለው ምት ከመሀል ወጣ ያለ ነው፤ ጫፉ እንደ መንጠቆ ታጥፏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን መንጠቆ ነው የምፈልገው። ሰው ተኩሶ ሲጨርስ ልርዳህ እያልኩ እለቅምለታለሁ፣ ገልብጬ አያለሁ።

በተለይ የሌስተርን።

ሌስተር ጎረቤታችን ነው። ከሬይኖ ጋር በመሬት ወሰን ተኳርፈው፣ ወንድሜ እስኪሞት ድረስ አልታረቁም። ቀብሩ ላይ መጣ፣ እጄን ጨበጠኝ፣ ዓይኔን ሳያይ ሄደ። በቃ፣ እሱ ነው። የጎደለኝ ማስረጃው ብቻ ነበር። መንጠቆዋን ካገኘሁ ደግሞ ፖሊስ ዘንድ አልሄድም። ያንን ለራሴ ነግሬ ጨርሻለሁ።

ግን ባዶ እጁን እየመጣ ቀለሃ የሚለቅም ሰው ያስጠረጥራል። ስለዚህ አዲስ ጠመንጃ ገዛሁ። በከፊል አውቶማቲክ፣ ቃታ በሳብኩ ቁጥር ራሷ የምታጎርስ። ካርቶኗን የከፈትኩት እዚያው ሜዳ ላይ ነው። የሜዳው ኃላፊ፣ ሽማግሌው ኡርሆ፣ አገላብጦ አያት።

"እንዲህ ዓይነቷን ፋብሪካው ራሱ መሥራት የጀመረው ዘንድሮ ነው" አለኝ። "ገና ዘይቷ እንኳ አልደረቀም።"

ሌስተር አጠገቤ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጦ ድንችና ሥጋ የተሞላ ፓስቲውን ይገምጣል። ሰላም አላልኩትም።

አምስት ጥይት አጎረስኩ።

የመጀመሪያው... ግሩም ነው። ሰደፏ ትከሻዬ ላይ ልክ ገባች። ግፊቷም አይጎዳም። ቃታዋ ግን ቀላል ናት፣ ሳታስበው ትተኩሳለች።

ሁለተኛው... ደህና።

ሦስተኛው ላይ መነጽሩ ውስጥ ጉም የመሰለ ነገር አለፈ። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። ብርቱካናማዋ ነጥብ ቁልጭ ብላ ታየችኝ። ትንሽ ተንቀሳቀሰች...

ነፋስ ነው አልኩ። ቃታውን ሳብኩ።

ድምፁ ታፈነ። በረዶ በከበደው ጫካ ውስጥ ሲተኮስ ነው እንዲህ የሚሰማው። ደስ አላለኝም። የቀሩትን ሁለቱን ቶሎ ቶሎ ተኮስኩ።

"ማርቲ..."

ሌስተር ነው፣ በሹክሹክታ። ከቀብሩ ወዲህ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው።

"ምን ፈለግህ?"

"ትከሻህ ላይ... በረዶ አለ።"

የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። እጄን ሰድጄ ዳሰስኩ።

እርጥብ ነው። ይቀዘቅዛል።

ያኔ ኡርሆ ተኩስ አቁሙ ብሎ ተጣራ። ደንቡ ነው። ሁሉም ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ይተዋል፣ ከዚያ ኢላማውን ሊያይ በእግሩ ይሄዳል። ሄድን።

ወረቀቴ ላይ ያለው ቀዳዳ አራት ነው።

ኡርሆ ሳቀብኝ። ያን የሚያክል ወረቀት መምታት ያቃተው አዳኝ ካለ ዘንድሮ አጋዘኖቹ ተገላገሉ አለ።

"ሦስተኛው ነው" አልኩት። "ብርቱካናማዋ ነጥብ ተንቀሳቀሰችብኝ።"

"የቷ ብርቱካናማ?"

ቀና ብዬ አየሁ። ነጥቡ ጥቁር ነው። የሁሉም ሰው ኢላማ ጥቁር ነው።

ተመልሼ ቀለሃዎቼን ለቀምኩ። እነሱም አራት ናቸው። ወለሉ ልሙጥ ሲሚንቶ ነው፣ ምንም አይደበቅበትም። ሌስተር ሳልጠይቀው ተንበርክኮ ጠረጴዛው ስር ይፈልግልኝ ጀመር።

እኔ እንደ ልማዴ አንዷን ገለበጥኳት።

ምቱ ከመሀል ወጣ ብሏል። ጫፉ ታጥፏል...

የአንገቴን ክር በጠስኩ። ቀለሃዎቹን ጎን ለጎን አድርጌ ለኡርሆ አሳየሁት። መነጽሩን አደረገና አንድ በአንድ አያቸው።

"ከአንድ ጠመንጃ ናቸው" አለ። "ይቺኛዋ የሬይኖዋ አይደለችም እንዴ?"

"ናት።"

"አይሆንም፣ ማርቲ። ያኔ ጠመንጃህ አልተሠራችም ነበር።"

ሌስተር እንደተንበረከከ ቀና አለ። ዓይኔን አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ያን ቀን ተኩሱን ሰምቻለሁ" አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "የመጣው ከጫካው አልነበረም። ከዚህ ከሜዳው ነው። ሜዳው ደግሞ ዝግ ነበር... እብድ ይሉኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ጣቶቼን አንድ ነገር እያቃጠለኝ ነበር።

አራቱ ቀለሃዎች ከቀዘቀዙ ቆይተዋል። ሁለት ዓመት አንገቴ ላይ የኖረችው፣ ያቺ የጠቆረችው ግን ትፋጃለች። ለቀቅኳት። ሲሚንቶው ላይ ተንከባላ ከጠረጴዛዬ ስር ቆመች፣ ያጣናትን አምስተኛዋን ስንፈልግበት ከነበረው ቦታ ላይ።

ከአፏ ቀጭን ጭስ ይወጣ ነበር።