ከአናት የወረደው ጠርሙስ

ሟቹ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፏል። ለማያውቅ ሰው ተራራውን እያየ የፈዘዘ ይመስላል። መርማሪ ብራይዳ ካሜኒሽ ከተራራው አናት ቁልቁል ባለው በሱሊቫ ጣቢያ ወደ ፉርጎው ስትገባ ግን መጀመሪያ ያየችው እጁን ነበር፤ ጣቶቹ የመቀመጫውን ጨርቅ ጨምድደው ይዘዋል።

«መምህር ጋውዴንጽ ይባላሉ፤ የቫልቱርና መንደር ሰው ናቸው» አለ ትኬት ተቆጣጣሪው ፍሎሪን፣ ቆቡን በእጁ እያሻሸ። «ከአናት ጣቢያ ተነሥተን ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ‹ምላሴ ደነዘዘ› አሉ። ቀጥሎ ጣታቸው፤ ከዚያ አስመለሳቸው። እዚህ ሳንደርስ አረፉ።»

ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ሐኪም ነበረችና ምልክቱን አውቃዋለች። ከገደሉ ሥር የሚበቅለው ሰማያዊ አበባ ሥሩ ሲጠጣ እንዲህ አድርጎ ይገድላል።

ከሟቹ እግር ሥር የፕላስቲክ ጠርሙስ ወድቋል። በውኃ የተበጠበጠ ሽሮፕ ግማሽ ያህል ቀርቶበታል፤ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል፤ ጎንና ጎኑ ግን ጨብጠው የያዙት ይመስል ወደ ውስጥ ገብቷል። ብራይዳ በጓንት አንሥታ ረጅም ጊዜ አየችውና ከረጢት ውስጥ ከተተችው።

«ሽሮፑን የበጠበጥኩት እኔ ነኝ» አለች የሟቹ ሚስት ሴራይና፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ጠዋት፣ ከቆላው ጣቢያ ስንነሣ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የበጠበጥኩለት እኔ ነኝ። እንሰርሽ ካላችሁም እሰሩኝ።»

«ማንም አልከሰሰዎትም፣ እማማ። የምን ጉዞ ነበር?»

«በየዓመቱ መስከረም ላይ እንጓዛለን። እሱ ከመስኮት የማያገኘው ነገር የለም፤ የቀበሮ ጉድጓድ፣ ደወል የሌለው ጸሎት ቤት፣ ገደል ላይ ብቻዋን የቆመች ጥድ። ‹ሴራይና፣ እይ! እይ!› እያለ እንቅልፍ አያስተኛኝም። ዘንድሮ ግን ዝም አለ። ‹ነገ አውራጃው ቢሮ ቀጠሮ አለኝ› ብቻ ነው ያለኝ።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ዱሪ የቫልቱርና ሊቀ መንበር ነው። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሲናገር ሰው ዓይን ዓይኑን የሚያይ ሰው።

«አናት ላይ ባቡሩ ሃያ ደቂቃ ይቆማል» አለችው ብራይዳ። «ማን አብሯቸው ነበር?»

«እኔ። ሴራይናና ልጄ ፖስታ ካርድ ሊገዙ ወረዱ። እሱ ጉልበቱን ስለሚያመው ቀረ። እኔም ካጠገቡ ንቅንቅ አላልኩም።»

«እዚያ ጠጡ?»

«ጠብታ አልቀመሰም! ጠርሙሱንም የነካው የለም። የጠጣው ታች ነው። ሴራይና ሰጠችው፣ ተጎነጨ፣ ዘጋው፣ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ማንንም አልወነጅልም፤ ያየሁትን ነው የምናገረው።»

«ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም?»

«በልጄ በሜንጂያ እምላለሁ!»

ሜንጂያ ከፉርጎው ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ባዶ የውኃ ጠርሙሷን ጉልበቷ መሃል ይዛ ታለቅሳለች።

«ከአጎትሽ ጠርሙስ ሌላ የጠጣ ነበር?»

«እኔ። ገና ቆላው ውስጥ፣ የወይን እርሻው ጋ ስንደርስ። ‹አንቺ ሌባ፣ የራስሽን አትጠጪም?› ብሎ ሳቀብኝ። ሴራይናም ቀምሳ ‹ስኳር አበዛሁበት› አለች። ፍሎሪን ሳይቀር ‹ለእኔስ?› እያለ ቀልዷል።»

«አባትሽስ?»

«ምግብ ፉርጎው ውስጥ ነበር። የመጣው አናት ላይ ልንደርስ ስንል ነው።»

ብራይዳ ወደ ሟቹ ተመለሰች። ከሸሚዙ ሥር፣ ደረቱ ላይ፣ አንድ ደብተር አገኘች። ከፍታ ብዙ ጊዜ ቆማ አነበበች። ከዚያ ሴራይናን፣ ዱሪን፣ ሜንጂያንና ፍሎሪንን ፉርጎው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሟቹ ላይ ብርድ ልብስ ተጥሎበታል።

«ሜንጂያ፣ ውኃሽን የት ጨረስሽው?»

«አናት ላይ። ጨርሼ ዘጋሁት።»

የእሷም ጠርሙስ ተጨማዷል። ብራይዳ ክዳኑን ስታላላው ጠርሙሱ «ፍስስ» ብሎ አየር ሳበና ጎኑ ቀጥ አለ።

«ላይ አየሩ ስስ ነው» አለች። «እዚያ የተዘጋ ጠርሙስ ቁልቁል ሲወርድ የታቹ ወፍራም አየር ይጨመድደዋል። የመምህሩ ጠርሙስ ቆላ ተዘግቶ ቢቀር ኖሮ ከቆላው ከፍ ወዳለው እዚህ ጣቢያ ሲደርስ ይወጠር ነበር እንጂ አይጨመደድም። ስለዚህ አናት ላይ ተከፍቷል፤ እዚያው ተዘግቷል።»

«ቆላ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ከዚያው ጠጥተው ደህና ናቸው፤ መርዙ ገና አልገባም ማለት ነው። አናት ላይ ሁለቱም ሱቅ ውስጥ ነበሩ፤ ፍሎሪን፣ አይተሃቸዋል?»

«አዎ፣ እስክንነሣ ድረስ እዚያው ነበሩ።»

«መምህሩ ራሳቸውን አጥፍተው ቢሆን አቶ ዱሪ የሚደብቁት አይኖርም ነበር። ነገር ግን ካጠገባቸው ሳይነቃነቁ ጠርሙሱ ሲከፈት አላየሁም አሉ። ጥፋቱንም ወደ ሴራይና ገፉት።»

«በአንድ ላስቲክ ሰው ትወነጅያለሽ?» አለ ዱሪ።

ደብተሩን ከፈተችው። አሥራ አንድ ፎቶዎች፣ ከአንድ መስኮት፣ በአሥራ አንድ ዓመት፤ ሁሉም ከቫልቱርና በላይ ያለውን ገደል ያሳያሉ። በመጀመሪያው ላይ ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። በመጨረሻው መንገድ ያህላል። ከሥሩ «ገደሉ ክረምቱን አይጠብቅም፤ ይናዳል። ለዱሪ ነገርኩት፤ ተቆጣ» ይላል።

«አባዬ?» አለች ሜንጂያ።

ዱሪ አላያትም። «ለመንኩት» አለ። «አንድ ዓመት ዝም በል አልኩት። ቫልቱርና አንዴ ባዶ ከሆነ ማን ይመለሳል? ሕዝቡ በየከተማው ፎቅ ተበትኖ ይቀራል። ‹ልጆቹስ?› አለኝ። ሌላ ቃል የለውም፤ ‹ልጆቹስ?›»

ሴራይና ተነሥታ ከባሏ አጠገብ ተቀመጠች፤ እጁንም ከብርድ ልብሱ ሥር ፈልጋ ያዘች።

መንደሩ በሁለት ቀን ተለቀቀ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ተራራው ተንዶ መንደሩ ላይ ወረደ።

ብራይዳ የምርመራውን ቃል ልታስፈርም እስር ቤት ስትሄድ ዱሪ የተራራውን መናድ ሰምቶ ነበር።

«ስንት ሰው ሞተ?»

«ማንም።»

«ሜንጂያስ?»

«ቤት ለቤት እያንኳኳች ሽማግሌዎቹን ያስወጣችው እሷ ናት። ከሁሉ መጨረሻ ወጣች።»

ብዕሩን አነሣ። «ስለ እኔ ጠይቃሽ ታውቃለች?»

ብራይዳ የሚፈርምበትን ቦታ በጣቷ አሳየችው።

«አልጠየቀችም» አለች።