መድሃኒት የደበቀችው መልእክት

መድሃኒት የአሥር ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው ሜልቦርን ውስጥ፣ ሰንሻይን ዌስት በሚባለው ሰፈር፣ ከአባቷ ከአቶ ተስፋሚካኤልና ከእናቷ ከወይዘሮ የሺሀረግ ጋር ነው። ቤታቸው ትንሽ ናት። ከጀርባዋ ፋብሪካዎች ስላሉ ቀኑን ሙሉ የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማል። መድሃኒት ግን ለምዳዋለች። እንዲያውም ዝም ሲል ነው የሚገርማት።

መድሃኒት ጎበዝ ልጅ ናት። እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። ስለዚህ እቤት ስልክ ሲጠራ የምታነሳው እሷ ናት። አባቷም እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ ፊት ለፊት ሲያወሩ በደንብ ይግባባሉ። በስልክ ሲሆን ግን ሰዎቹ ይፈጥኑባቸዋል። ያን ጊዜ "መዲዬ፣ እስኪ አንቺ አናግሪልኝ" ብለው ያቀብሏታል። ያመኗታል ማለት ነው። ሰው ሲያምነን ትልቅ ነገር ነው የሚሰጠን፣ አይደል ልጆች?

አቶ ተስፋሚካኤል የሚሠሩት ዶሮ በሚቆራረጥበት ፋብሪካ ነው። ገና ሳይነጋ ይወጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። ሥጋው እንዳይበላሽ ፋብሪካው ውስጥ ሁልጊዜ ብርድ ነው። ወደ ቤት ሲመጡ ጣቶቻቸው ደንዝዘው የጫማ ማሰሪያ መፍታት እንኳ ያቅታቸዋል። እንዲህ ሆነው አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል።

ከዚያ በፊትስ? ከዚያ በፊት ጅማ ከተማ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። ሥራው ቢቀርም አስተማሪነቱ አልለቀቃቸውም። ራት ላይ ብርቱካን ያነሱና "ይህቺ ምድር ናት እንበል" ብለው ማዞር ይጀምራሉ። መድሃኒት ደግሞ "አባዬ፣ መጀመሪያ እንብላት!" ትላለች። ሁሉም ይስቃሉ።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው እትዬ ተረፈች እያለከለኩ መጡ።

"ተስፋሚካኤል፣ የመድሃኒት ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ይፈልጋል አሉ! ከአገር ቤት አዲስ የሚመጡትን ልጆች በአማርኛ እየረዳ የሚያስተምር። እንደ አንተ ያለ ሰው ከየት ያገኛሉ?"

"አሁን እኔን ማን ይፈልገኛል እትዬ?" አሉ አቶ ተስፋሚካኤል። አፋቸው እንዲያ ይበል እንጂ ፊታቸው በርቶ ነበር። በማግስቱ ማመልከቻ ጻፉ። ወይዘሮ የሺሀረግም "ለማንኛውም ይዘጋጅ" ብለው ነጭ ሸሚዛቸውን ተኩሰው ሰቀሉት።

ቤቱ ደስ አለው። ከመድሃኒት በስተቀር። ለምን መሰላችሁ?

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አባቷ ከትምህርት ቤት ሊወስዷት መጥተው ነበር። ከሥራ በቀጥታ ስለመጡ የፋብሪካውን ነጭ ቦት ጫማ እንዳደረጉ ነበሩ። በር ላይ የቆሙትን ልጆች ሲያዩ ያ የድሮው አስተማሪነታቸው መጣባቸውና በእንግሊዝኛ ጮክ ብለው ሰላም አሏቸው። ደህና መሆናቸውን ሲነግሯቸውም "ቬሪ ጉድ! ቬሪ ጉድ!" አሉ፤ "ሪ" የምትለዋን ፊደል እንደ እኛ አገር ጠንከር አድርገው።

በማግስቱ ሁለት ልጆች መድሃኒትን ሲያዩ "ቬርርርሪ ጉድ!" ብለው ተንከተከቱ። መድሃኒት ፊቷ ጋለ። ምን ማለት እንደነበረባት ታውቃለች። "አባቴ ነው፣ ተዉ" ማለት ነበረባት። እሷ ግን አብራ ሳቀች። አንዴም ራሷ "ቬርርርሪ ጉድ" አለች። ከዚያ በኋላ ምሳዋን መጨረስ አቃታት።

እና አሁን አባቷ እዚያው ትምህርት ቤት ሊገቡ ነው። በየቀኑ!

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የአባቷ ስልክ ጠራ። እሳቸው ከሥራ መጥተው ጋደም ብለው ነበር። መድሃኒት አነሳችው። የደወሉት ርዕሰ መምህርቷ ሚስ ሄለን ነበሩ።

"መድሃኒት፣ አንቺ ነሽ? ለአባትሽ መልእክት ንገሪልኝ። በማመልከቻቸው በጣም ደስ ብሎኛል። ማክሰኞ ጠዋት መጥተው እንድንነጋገር እፈልጋለሁ። ካልመጡ ሐሳባቸውን የቀየሩ ይመስለኛል፤ ሌሎችም የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ትነግሪያቸዋለሽ?"

"የስ፣ ሚስ" አለች መድሃኒት።

ስልኩን ዘጋችና ወደ አባቷ መኝታ ቤት ሁለት እርምጃ ሄደች። ሦስተኛውን ግን አልሄደችም። የልጆቹ ሳቅ ጆሮዋ ላይ ይጮህባት ጀመር።

"ማን ነው መዲዬ?" አሉ አባቷ ከውስጥ፣ በእንቅልፍ ድምፅ።

"ማንም አይደለም አባዬ። ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ናቸው።"

አያችሁ ልጆች? ውሸት አንዳንዴ እንደዚህ አጭር ናት። አንድ ትንፋሽ እንኳ አትፈጅም።

ማክሰኞ መጣ፤ ማክሰኞ አለፈ። አቶ ተስፋሚካኤል ስልካቸውን ሥራ ቦታ እንኳ ኪሳቸው ይዘው መዋል ጀመሩ። "መዲዬ፣ ከትምህርት ቤት የደወለ የለም?" ይላሉ። "የለም" ትላለች። በማግስቱም ይጠይቃሉ። "የለም።" ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተዉት።

አንድ ቅዳሜ ሸሚዙን ከተሰቀለበት አውርደው አጣጠፉት።

"እንግዲህ አልፈለጉኝም" አሉ ለወይዘሮ የሺሀረግ። "እውነታቸውን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ዶሮ ስቆርጥ ኖሬ ምን አስተማሪነት ቀረኝ ብዬ ነው?"

"እንዲህ አትበል ተስፋሚካኤል" አሉ ወይዘሮ የሺሀረግ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷ ራት ላይ ዝም ይሉ ጀመር። ብርቱካኑን ልጠው ይበሉታል፤ በቃ። ቅዳሜም መሥራት ጀመሩ። መድሃኒት የፈለገችው እንዲህ እንዲሆን አልነበረም። እሷ የፈለገችው አባቷ ትምህርት ቤቷ እንዳይመጡ ብቻ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ስትቆም አንገቷን ቀና አድርጋ ማየት አቃታት። ልቧን ማን እንደሚያየው ታውቃለች።

ሌላ ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስታነብ የትናንሾቹ ልጆች አስተማሪ መጥታ ጠራቻት።

"አንዲት አዲስ ልጅ አለችን። ክሳነት ትባላለች። እያለቀሰች ነው፤ ምን እንደሆነች ማወቅ አልቻልንም። እባክሽ አናግሪያት።"

ክሳነት የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ አክስቷ ዘንድ ከመጣች ገና አሥር ቀኗ ነው። ቦርሳ ከሚሰቀልበት ሥር ገብታ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። መድሃኒት አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"ምን ሆንሽ የኔ ቆንጆ?"

ልጅቷ አማርኛ ስትሰማ ለቅሶዋን አቆመች። ወደ መድሃኒት ጆሮ ተጠጋች።

"ሽንቴ መጥቶብኝ ነበር። እንዴት ብዬ እንደምጠይቅ አላወቅኩም። አመለጠኝ። ለማንም አትንገሪ።"

መድሃኒት ሹራቧን አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረችላት። እጇን ይዛ መታጠቢያ ቤት ወሰደቻት። ክሳነት ስትታጠብ ቀና ብላ አየቻትና ጠየቀች።

"እዚህ አማርኛ የሚያውቅ ትልቅ ሰው የለም?"

መድሃኒት ቧንቧውን ዘጋች። ሊኖር ይችል ነበር። ነጭ ሸሚዙም ተተኩሶ ነበር። የሌለው በእሷ ምክንያት ነው።

የዚያን ቀን ሮጣ ነው ቤት የገባችው። አባቷ ወጥ ቤት ተቀምጠው እጃቸውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነክረዋል። መድሃኒት ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ጀመረች።

"አባዬ፣ ትምህርት ቤቱ ደውሎ ነበር። ሚስ ሄለን ናት የደወለችው። ና ብላህ ነበር። ዕቃ የሚሸጡ ናቸው ያልኩህ ውሸቴን ነው።"

አቶ ተስፋሚካኤል እጃቸውን ከውሃው አወጡ። አላደረቁትም።

"ለምን?" አሉ።

"ልጆቹ እንዳይስቁብህ ብዬ።"

"እንዳይስቁብኝ ነው፣ ወይስ እንዳይስቁብሽ?"

መድሃኒት ዓይኗ በእንባ ሞላ። "እንዳይስቁብኝ" አለች። "እኔም ከእነሱ ጋር ስቄብሃለሁ አባዬ። እንደ አንተ አድርጌ አውርቻለሁ።"

አባቷ ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። መድሃኒት በመስኮት አየቻቸው። አጥሩን ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ፋብሪካዎቹ አድርገው ቆመዋል። ትከሻቸው አንዴ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። ተንበርክከው ቦርሳዋን ከጀርባዋ አወረዱላት።

"ነገሩ አሞኛል መዲዬ፤ አላመመኝም አልልሽም" አሉ። "ግን ማንም ሳይዝሽ ራስሽ መጥተሽ ነገርሽኝ። ይህ ቀላል አይደለም። ይቅር ብዬሻለሁ። ነገ ደግሞ ለሚስ ሄለን ትነግሪያታለሽ። እኔ አልነግርልሽም። አጠገብሽ ግን እቆማለሁ።"

በማግስቱ አቶ ተስፋሚካኤል ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው ከልጃቸው ጋር ሄዱ። መድሃኒት የርዕሰ መምህርቷ ጠረጴዛ ፊት ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ አማርኛ የሚያውቅ ትልቅ ሰው የለም ወይ ብላ ስለጠየቀቻት ትንሽ ልጅም ነገረቻቸው። ስለ ጥፋቷ አንድም ነገር አላስቀረችም። ሚስ ሄለን ካዳመጡ በኋላ አንገታቸውን ነቀነቁ።

"እውነቱን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥተነዋል። ሰውየው ጎበዝ ነው፤ አማርኛ ግን አያውቅም። አዝናለሁ፣ ሚስተር ተስፋሚካኤል።"

መድሃኒት አባቷን ቀና ብላ አየች። ፊታቸው ሲጠወልግ አየች። እሳቸው ግን እንዲህ አሉ፤

"ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ያቺን ትንሽ ልጅ ሰላም ልበላት?"

ክሳነትን አመጡላቸው። አቶ ተስፋሚካኤል ከልጅቷ ጋር እኩል እንዲሆኑ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። "እንደምን አደርሽ እመቤት?" አሏት። ክሳነት ጠጋ ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች። ቀጥላ ማውራት ጀመረች። ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ አክስቷ ድመት፣ ስለ ወንድሟ፣ እዚህ አገር ስለማይገኘው ማስቲካ... አሥር ቀን ሙሉ ያጠራቀመችውን ወሬ ሁሉ ዘረገፈችው። ሚስ ሄለን አንድም ቃል አልገባቸውም፤ ግን በር ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

አቶ ተስፋሚካኤል ከልጆች ጋር ለመሥራት የሚያስፈልገውን ፈቃድ አወጡ። ከዚያ ሥራ በማይገቡበት ቀን፣ በየሐሙሱ፣ በበጎ ፈቃድ እየመጡ አዲሶቹን ልጆች ያስነብቡ ጀመር። በመጀመሪያው ሐሙስ ከሳቁት ከሁለቱ ልጆች አንዷ በሩ ጋ ቆማ "ቬርርርሪ..." ልትል ስትል መድሃኒት ቀደመቻት።

"አባቴ ነው" አለች። "ሦስት ቋንቋ ያውቃል። አንቺስ ስንት ታውቂያለሽ?"

ልጅቷ አሰብ አድርጋ "አንድ" አለች። ከዚያ በኋላ አልሳቀችም። እንዲያውም በአማርኛ እስከ አሥር መቁጠር ተምራለች፤ "ስድስት" ላይ ብቻ ነው የምትቸገረው።

ታዲያ ነገሩ ወዲያው አልተስተካከለም። አቶ ተስፋሚካኤል ስድስት ወር ሙሉ ወደዚያው ብርድ ተመልሰው ሠርተዋል። አባቷ በጠዋት በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ሲወጡ መድሃኒት አልጋዋ ውስጥ ሆና ትሰማ ነበር። "ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ" ትል ነበር በልቧ። ይቅርታ ተሰጥቷታል፤ ያለፈውን ቀን ግን መመለስ አትችልም። ስለዚህ የምትችለውን ታደርግ ነበር። ማታ ማታ ከአባቷ ጋር ቁጭ ብላ የእንግሊዝኛ ቃላት ታለማምዳቸዋለች። እሳቸው ሲሳሳቱ አትስቅም። ራሳቸው ሲስቁ ግን አብራ ትስቃለች።

በሰባተኛው ወር ፉትስክሬይ በሚባለው ሰፈር ያለ ሌላ ትምህርት ቤት አማርኛ የሚችል ረዳት አስተማሪ ፈለገ። ሚስ ሄለን ስለ አቶ ተስፋሚካኤል አንድ ሙሉ ገጽ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ሄዱ፤ ተጠየቁ፤ ተቀጠሩ። የፋብሪካውን ሥራ ለቀቁ። አሁን ደግሞ ሙሉ አስተማሪ ለመሆን እዚህ አገር እንደገና ትምህርት ጀምረዋል። በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው የቤት ሥራ አለባቸው! ወይዘሮ የሺሀረግ "ሁለታችሁም ሠርታችኋል?" እያሉ ደብተር ይቆጣጠራሉ።

ሥራ በጀመሩበት የመጀመሪያው ሳምንት የመድሃኒት ትምህርት ቤት ለአስተማሪዎች ስብሰባ አንድ ቀን ተዘግቶ ስለነበር አባቷን ለማየት አብራ ሄደች። የክፍሉ በር ላይ ቆማ አየቻቸው። ሃያ የሚሆኑ ልጆች ፊት ቆመው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ዝናብ ከየት እንደሚመጣ ያስረዳሉ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። መድሃኒት አባቷን እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም ነበር። ረዘም ያሉ መሰሏት። አጠገቧ የቆመች አንዲት አስተማሪ ጎንበስ ብላ "ታውቂያቸዋለሽ?" ስትላት፣ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሁሉ እስኪሰሙ ድረስ ከፍ አድርጋ "አባቴ ነው!" አለች።

ልጆቼ፣ ሰው ይስቅብናል ብለን በወላጆቻችን አንፈር፤ በድለን ከሆነም ዛሬውኑ እውነቱን ተናግረን ይቅርታ እንጠይቅ።