ያልተጾመ ጽጌ

«በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ!»

እትዬ ወለላ እንቁላል ፍርፍሩን በእንጀራ ጠቅልለው ወደ መክሊት አፍ አስጠጉ። የእናቷ ታላቅ እህት ናቸው። ለጡት ካንሰር አዲስ አበባ የጨረር ሕክምና ጨርሰው፣ እስኪያገግሙ እነ መክሊት ቤት ሊያርፉ አሰላ ከገቡ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ከአንገታቸው በታች ቆዳቸው ጠቁሯል።

መክሊት ፊቷን አዞረች። ሰፈር ውስጥ «ጨረር ከገባበት ሰው ይጋባል» ሲባል ሰምታለች።

«ጾመኛ ነኝ፤ ጽጌን ጀምሬያለሁ» አለች።

እናቷ በመገረም አየቻት። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ መክሊት ደግሞ የግዴታውንም እያጉረመረመች ነው የምትጾመው። የእትዬ ወለላ ዓይን ግን እንባ አቀረረ። «ለእኔ ተስላ ነው! እኔን ብላ!» ብለው ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሱት።

ከዚያ ወዲያ ለመክሊት በትንሽ ሳህን ለብቻዋ ሽሮ ይቀርብላት ጀመር። የፈለገችውም ይህንኑ ነበር። ትምህርት ቤት ግን በዕረፍት ሰዓት የጓደኛዋን የነቢላን የተቀቀለ እንቁላል ትካፈላለች።

«ቤት መነኩሲት፣ እዚህ እንቁላል በላተኛ!» እያለች ነቢላ ትስቅባታለች። መክሊትም አብራ ትስቅ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን የባዮሎጂ መምህራቸው ቦንሳ ስለ ሰውነት መከላከያ ሲያስተምሩ ካንሰርን አነሡ።

«ስሙኝ ኢጆሌ» አሉ። «የካንሰር ሴል ስንዴ መሃል እንደበቀለ እንክርዳድ ነው። አራሚዎቹ፣ ማለትም ነጭ የደም ሴሎች፣ ስንዴ እየመሰላቸው ያልፉታል። ጨረር ሲሰባብረው ግን አንዳንዴ ማንነቱ ይጋለጥና ይለዩታል። ችግሩ፣ ጨረሩ ከአራሚዎቹም አንዳንዶቹን ይጎዳል። ታካሚው በደንብ እየበላ እነሱን መተካት አለበት።»

ነቢላ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ጨረሩ ሰውየው ላይ ይቀራል እንዴ? ይጋባል?»

«አምፖሉን ስታጠፊው ብርሃኑ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል? ከውጭ በመሣሪያ የሚሰጥ ጨረርም እንደዚያው ነው። ካንሰሩም አይጋባም። እንዲያውም ጉንፋን የያዛችሁ እናንተ ናችሁ ከታማሚው መራቅ ያለባችሁ!»

ክፍሉ ሳቀ። መክሊት አንገቷን ደፋች፤ ፊቷ በእፍረት ጋለ። የዚያን ቀን የነቢላን እንቁላል አልነካችም።

ቤት ስትደርስ እትዬ ወለላ ብቻቸውን ነበሩ። ገበታው ላይ ሽሮ የተጨለፈባቸው ሁለት ትንንሽ ሳህኖች ተቀምጠዋል።

«ሁለተኛው የማነው?»

«የእኔ ነዋ» አሉ ሳቅ ብለው። «አንቺ ልጅ ለእኔ ስትጾሚ እኔ ምን አንጀት አለኝና እንቁላል እበላለሁ? ከሰኞ ጀምሮ እኔም ይዣለሁ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ሐኪሙ እንቁላልና ወተት ስላዘዘልኝ ትቆጣኛለች።»

መክሊት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። እናቷ ከኢተያ ያስመጣችው እንቁላል መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው። መክሊት «ለታማሚ ጾም አይገባም» ብላ ጾሙን ልታስፈታቸው ትችል ነበር፤ ውሸቷም ተከድኖ ይቀር ነበር። ጓዳ ገብታ እንቁላል ጥዳ፣ እስኪበስል ድረስ ይህንኑ ስታወጣና ስታወርድ ቆየች።

ሁለት እንቁላል ልጣ በአንድ ሳህን ይዛ ወጣች።

«እትዬ፣ እኔ አልጾምኩም። አንድም ቀን። ጨረሩ ይጋባል ብዬ... እጅዎን ፈርቼ ነው።»

«እኔ እኮ ለእኔ የተሳልሽ መስሎኝ» አሉ እትዬ ወለላ ቀስ ብለው። ከዚያም፣ ጥፋተኛዋ እሳቸው ይመስል፣ ቀኝ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት።

መክሊት ትንንሾቹን ሳህኖች አነሣችና በርጩማዋን ስባ ከጉልበታቸው ሥር ተቀመጠች። «ያጉርሱኝ» ለማለት አፈረች። አፏን ብቻ ከፈተች፤ እጃቸው ከነጠላው እስኪወጣ ድረስም አልዘጋችውም።