የኤልፍወን ማቅ

ጌታችን በተወለደ በሰባት መቶ ዐሥራ አንድ ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ በምሥራቅ አንግሎች ምድር ረግረጉን የሸፈነው ጉም ገና ሳይገፈፍ፣ የደናግሉ ገዳም መነኮሳት የእኅት ኤልፍወንን መቃብር ሊከፍቱ ወጡ፤ ካረፈች ዐሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ እንደ አገሩ ልማድ ዐፅሟ ታጥቦ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባበት ቀን ደርሶ ነበርና።

ኤልፍወን በሕይወት ሳለች ሌሎቹ ሁሉ ከታጠቡ በኋላ፣ ባደፈው ውሃ መጨረሻ የምትታጠብ ሴት ነበረች። የገዳሙ ሸማኔ እኅት ቲዳ ግን ያን ጧት የምታስበው ስለ ቅድስናዋ አልነበረም። በቸነፈሩ ዘመን ሬሳዋን አጥበሽ በነጭ የተልባ እግር ገንዢያት ተብላ ታዝዛ ነበር፤ እሷ ግን ሞትን ፈርታ፣ በጣቷ ጫፍ እንኳ ሳትነካት፣ በእንጨት እየገፋች የበግ ጠጉር በሚታጨቅበት ጆንያ ጠቀለለቻት። ነጩን ጨርቅ ለራሷ ሻሽ አደረገችው። አሁን ጉዷ ሊወጣ ነው።

የሬሳ ሣጥኑ ክዳን ተነሣ፤ ጆንያው ታየ።

«ማን ነበር የገነዛት?» አሉ እመምኔት ቡርስዊት።

«እኔ ነኝ፣ እማሆይ።»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ሻካራውን ጨርቅ ዳበሱት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ራሷ ናት ያዘዘችሽ። አውቃታለሁ እኮ፤ ለነጭ ልብስ መቼ ደንታ ነበራት? በማቅ ቅበሪኝ አለችሽ፣ አይደል?»

ቲዳ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ እኅቶቿ ሁሉ ያዩአታል።

«አዎ» አለች። ጆሮዋ እስኪግል አፈረች፤ ቃሉ ግን ወጥቷል።

ዐፅሙን እንድታጥብም እሷኑ አዘዟት። ዐሥራ ስድስት ዓመት ዘግይታ አጠበቻት፤ በባዶ እጇ፣ የጣቶቿን አጥንት ሳይቀር አንድ በአንድ። እጣቢውን ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ስታፈስ በሽተኞች የራሰውን አፈር ለመዝገን ተሻሙ፤ አንዲት ጎባጣ ባልቴት ግን አፈሩን ትታ የቲዳን እጅ ይዛ ሳመች።

«እሷን የገነዘ እጅ ነው፤ አይንፈጉኝ፣ እማሆይ።»

«ተዪኝ፣ እናቴ፤ ይሄ እጅ አይሳምም።»

ባልቴቷ በትሕትናዋ ተደንቃ ደግማ ሳመችው።

ኋላ የተጻፈው ገድል ለማቁ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጠው፤ ቲዳንም የቅድስቲቱ ታማኝ እኅት ብሎ ጠራት፤ ስለ ነጩ ሻሽ አንዳች አላለም። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ከሁሉም በኋላ፣ ባደፈው ውሃ ትታጠብ ነበር፤ ሰዎቹ ይህንንም ቅድስና ብለው ቆጠሩላት።